ፊርማ ያስሮጠው ዳይሬክተር

እስቲ በዳይሬክተሩ ቢሮ፣ ከበሩ በስተቀኝ የቆመውን ባለመስታወት ቁም ሳጥን ተመልከቱ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ኳስ ተቀምጧል። ከተገዛ አራት ዓመቱ ነው፤ የማንም እግር አልነካውም። ለምን ሲባሉ ዳይሬክተሩ «ልጆች ከነኩትማ ይበላሻል» ይላሉ። ይህን የሰማ ወላጅ ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ራስ መነቅነቅ ስፖርት ቢሆን ኖሮ እኛን የሚቀድም አልነበረም።

ቀጭኔን ግን መነቅነቁ አልበቃትም። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ግንባሯ ከበር መቃን ጋር ሲጣላ ስለሚኖር። አሥራ ሁለት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ቆይታ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የስፌት መኪናዋን ሸፍና የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ሥልጠና ገባች። ምክንያቷ ልጇ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሳትደርስ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስታለከልክ አገኘቻትና ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ አገላብጦ መረመራትና በሽታዋ ወንበር ነው አለ። ትምህርት ቤት ወንበር፣ ቤት ወንበር፤ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜም ለሒሳብ ተሰጥቷል።

የቀጭኔ እናት ሥልጠናውን ሲሰሙ ሳቁባት። «ለመሮጥ ነው ኮሌጅ የምትገቢው? ዶሮ እንኳ ያለ ዲፕሎማ ትሮጣለች።»

«እማዬ፣ ዶሮ የልቧን ምት አትቆጥርም።»

«ባትቆጥርም ከጭልፊት ታመልጣለች።»

ሁለት ዓመት ተማረች። የቀራት የማስተማር ልምምድ ብቻ ነበር፤ የተመደበችውም ልጇ በምትማርበት፣ ኳሱ በታሰረበት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ፈተና እቅዷ ላይ «ኳስ ማቀበል» ብላ ጻፈች። በዕለቱ ዳይሬክተሩ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ነፈጓት። ከኮሌጅ የመጣው ገምጋሚ ደግሞ እቅድን እንደ ዳኛ የሚያነብ ሰው ነው። «እቅዱ ኳስ ይላል፤ እኔ ኳስ አላየሁም» ብሎ ጣላት። የቀራት አንድ ዕድል ነው። እሱም ካመለጠ ሁለቱ ዓመት ውኃ በላው፤ ቀጭኔም ወደ ስፌቷ፣ ልጅቷም ወደ ወንበሯ።

አሁን የትምህርት ቤቱን ልማድ ስሙ። ዓርብ ዓርብ የመምህራን እቅድ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። እሳቸውም ስልካቸውን በትከሻና በጆሯቸው ቆንጥጠው፣ አንዱንም ሳያነቡ፣ ፈርመው ማኅተም ያሳርፉበታል። አንድ ጊዜ የሳይንስ መምህሯ በስህተት የገበያ ዝርዝሯን አብራ አስገብታ ነበር፤ ሳሙናውም ሽንኩርቱም ጸድቆ ተመለሰላት። በዚህ መምህራኑ ይሳሳቃሉ። የሚያስቅ ግን አይደለም፤ የልጆቻችን ዓመት ነው ሳይነበብ የሚፈረምበት።

ቀጭኔ ለሁለተኛው ፈተና እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ዳይሬክተሩ ሜዳውን በሩጫ ጀምረው በእርምጃ እየጨረሱ ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። ተማሪዎች በፊትና በኋላ የልብ ምታቸውን ይቆጥራሉ።» አልደበቀችውም። እንዲያውም በቀይ አሰመረችበት። ዓርብ ማታ ወረቀቱ ተፈርሞ መጣ፤ ማኅተሙም «በሩጫ» የምትለዋ ቃል ላይ ጉብ ብሏል።

በፈተናው ቀን ገምጋሚው ሜዳ ዳር ተቀምጦ እቅዱን አነበበና ዳይሬክተሩን አስጠራ። ቁልፋቸው ቀበቷቸው ላይ እየተንቃጨለ መጡ፤ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«ይሄ ቀልድ ነው?»

«ፊርማው የእርስዎ አይደለም?» አለ ገምጋሚው።

አይደለም እንዳይሉ ማኅተሙ አለ። ነው ሲሉ ደግሞ ሜዳው አለ። ወደ ቀጭኔ ጠጋ ብለው ሌላ መላ የለም ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ነበረ፣ ጋሼ። ባለፈው ፈተና ኳሱ ቢሮጥ ኖሮ ዛሬ እርስዎ አይሮጡም ነበር» አለቻቸው።

የቀጭኔ ልጅ የእጃቸውን አንጓ ይዛ በግማሽ ደቂቃ አርባ አንድ ቆጠረች። ኮታቸውን አውልቀው፣ በቆዳ ጫማቸው ተነሱ። ግማሽ ዙር ላይ የግቡን ብረት እንደ ወንድም አቀፉት። ልጅቷ ደርሳ ቆጠረች፤ ሰባ ሦስት።

«ጋሼ፣ የእርስዎም በሽታ ወንበር ነው» አለቻቸው።

ዳይሬክተሩ ለመቆጣት ትንፋሽ ፈለጉ፤ አላገኙም። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈተው ሰጧት። «ሂጂ፣ ኳሱን አምጥተሽ እኔን ገላግዪኝ።»

«ኳስ እቅዱ ላይ የለም» አለ ገምጋሚው ቀና ሳይል። «ቀሪው አንድ ዙር ተኩል ነው።»

ቁልፉ ግን ሄዷል። ዳይሬክተሩ የቀረውን በእርምጃ ዞሩ፤ ከኋላቸው አርባ ልጅ ኳስ እየለጋ። ገምጋሚው «እቅዱ ተፈጽሟል» ብሎ ጻፈ፤ ቀጭኔም አለፈች። ያ ኳስ ዛሬ ሁለት ቦታ ተጣፍቷል፤ የጣፈችውም ራሷ በስፌት መርፌዋ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ዓርብ ዓርብ መነጽር ያደርጋሉ።

እርስዎስ? ነገ ልጅዎን ሲያደርሱ ከበሩ አይመለሱ። ቢሮ ገብተው ኳሱን አሳዩኝ ይበሉ፤ በጣትዎም ይዳብሱት። አቧራ ካነሳ፣ እባክዎ፣ ራስዎን ነቅንቀው አይውጡ።