ከጽጌረዳው ጎን የቆመው ሰው

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለች ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ካርድ ማዘጋጀት ፈለጉና፣ «ጥቁር ላይ የተነሳ አበባ ሰው ይወዳል። እናንተ ግቢ ጽጌረዳ አለ አይደል?» ብለው አንዱን ካሜራ አዋሱኝ።

የምንኖረው በባቡር ሠራተኞች ቤት ነበር፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ጣቢያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ስለገባ ቤቱን አልተቀማንም። ግቢያችንን ከሐዲዱ የሚለየው የሽቦ አጥር ብቻ ነው።

ጥቁር ጨርቅ ስላልነበረኝ የእናቴን የሐዘን ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁ።

«ለአባትሽ የለበስኩትን ለአበባ ታለብሺዋለሽ?» አለችኝ። አልከለከለችኝም። ፎቶ ሳነሳ ግን ወደ ጓዳ ገባች።

ቀሚሱን ከጽጌረዳው ጀርባ በገመድ ሰቀልኩት። ጠባብ ስለነበር በግራና በቀኙ አጥሩ አብሮ ይነሳል። ፎቶ ቤት ስሄድ አጥሩን ከፊልሙ ላይ በምላጭ እፍቀዋለሁ። የተፋቀው ቦታ ወረቀት ላይ ሲታተም ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ አበባው ብቻውን ይቀራል። ሥራውን እወደው ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ፊልም ላይ፣ ከቀሚሱ በስተቀኝ አጥሩ ጋ አንድ ሰው ቆሟል። ኔጌቲቭ ስለሆነ ጥቁርና ነጩ ተገልብጦ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ካፖርቱ ነጭ ነው። ባቡር የሚጠብቅ መሰለኝና ፋቅሁት። በሁለተኛው ቅዳሜ ፊልምም እዚያው ቆሟል። ጣቢያው ሁለት እርምጃ ነው፤ ባቡር የሚጠብቅ ሰው እኛ አጥር ሥር ምን ያደርጋል? ቢሆንም ፋቅሁት። ሳነሳ ዓይኔ ከአበባው ስለማይነቀል ሰውየውን በአካል አይቼው አላውቅም።

በሦስተኛው ግን ቀርቦ ነበር። አንድ እጁ ሽቦውን ይዟል። የሚያየው አበባውንም እኔንም አይደለም፤ ከኋላዬ ያለውን የወንድሜን ክፍል መስኮት ነው።

ምላጩን አስቀምጬ ፊልሙን ለምሳ ስወጣ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ወንድሜ ወደ ብርሃን አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«መቼ ነው ያነሳሽው?»

«ቅዳሜ።»

«ከዚያ በፊትስ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ። ፋቅሁት።»

ፊልሙን በጥንቃቄ መለሰልኝ። «ይሄንንም ፋቂው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ፎቶ ቤት ተመልሼ ከሰውየው ፊት ጀመርኩ። ምላጩ አምልጦኝ አንዱን ቅጠል ጫርኩት።

በማግስቱ ወንድሜ የሥራ ልብሱን ለብሶ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴ እስኪመሽ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው፣ የማውቀውን ሳልነግራት አጠገቧ ቆምኩ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜን የሚፈልጉ ሦስት የጸጥታ ሰዎች መጡ። ሁለቱ ፍራሽ እየገለበጡ ሲፈትሹ አንደኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ካርዶች አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ካፖርቱ ጥቁር፣ ፊቱ ቀይ ነው። ፊልሙ ላይ ያየሁትን ጥቁርና ነጭ ገልብጬ አስቤ ነው ያወቅሁት።

«ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «ጀርባው እንዲህ የጠቆረው በምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ብቻ?»

«ጨርቅ ብቻ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከካርዶቹ አንዱን መርጦ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ሁለቱን ሰዎች ጠርቶ ወጣ። የገለበጡትን ፍራሽ ወደ ቦታው መለስኩ። እናቴ፣ «ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። አላውቀውም አልኩ።

ካርዶቹ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ተሸጠው አለቁ። ከወራት በኋላ አንድ የባቡር ነጂ የወንድሜን ደብዳቤ ከድሬዳዋ አመጣልን። በዕቃ ባቡር ተደብቆ ሄዶ ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ነበር። እናቴ ደብዳቤውን ካነበብኩላት በኋላ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ወንድሜ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከስቶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ። ብቻችንን ስንሆን ምን አድርጎ እንደነበር ጠየቅሁት። አብሮት ትኬት የሚቆርጥ ጓደኛው የሰጠውን በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ለአንድ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦለት ነበር።

«ምን ነበር ውስጡ?»

«አልከፈትኩትም። በሳምንቱ መጥቶ ወሰደው።»

«እሱስ የት ደረሰ?»

«እኔም ልጠይቅሽ ነበር» አለኝ።

እኔም አላውቅም ነበር። ጓደኛው የጠፋው ወንድሜ በሄደ በሳምንቱ ነው። እስከ ዛሬ ያየው የለም።