አክስቴ የዋጠችው ክኒን ውጤት የት ደረሰ?

«እኔ የዋጥኩት መድኃኒቱን ነው ወይስ ባዶውን?»

ዛሬ ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ዘይነብ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ድንገት የጠየቀችኝ ይህንን ነው።

ከዓመታት በፊት ተመራማሪዎች ለጉልበት ሕመም አዲስ መድኃኒት ሲሞክሩ እሷም ገብታበት ነበር። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ ደግሞ እሱን የሚመስል ባዶ ክኒን እንደሚውጥ ነግረዋት ፈቅዳለች። ጉልበቷ ያኔ ቀለል ብሏት ነበር።

እኔም ጉጉት ያዘኝና ሙከራዎች የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። ሙከራው አለ፤ «ተጠናቋል» ይላል። የውጤቱ ቦታ ግን ባዶ ነው። (ባዶው ለሁላችንም ደረሰን ማለት ነው።)

«ምናልባት አልሠራ ይሆናላ» አልኳት።

«ታዲያ አልሠራም ብለው አይነግሩንም? ሲሄዱ እኮ ‹እናቶች፣ ዱዓ አድርጉልን› ብለውን ተሰብስበን አድርገንላቸዋል። ዱዓ ያስደረገ ሰው ቢሳካለትም ባይሳካለትም ተመልሶ ይናገራል።»

ቀጥላም፣ «እኔ ወላሂ ዱዓውን እስከዛሬ አላቋረጥኩም። ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ለእናንተ አመጣሁት።

እናንተስ፣ ለጥናት ተብሎ ደም ሰጥታችሁ ወይም መድኃኒት ውጣችሁ፣ ተመልሶ ውጤቱን የነገራችሁ ሰው አለ? ካለ ጻፉልኝ፤ አክስቴ ዱዓ ላይ ናት።