የአቻምየለሽ ትራስ

አቻምየለሽ አቃቂ ውስጥ አንድ ክር ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ፣ ብናኙ ደረቷን ሲያሳምማት የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆነች። ልጅ ሲናደድ አትቆነጥጥም። ፋብሪካው የጣለውን ጥጥ ለቅማ የሰፋችው ትልቅ ትራስ ነበራት።

«ንዴትህ የቱ ጋ ነው ያለው?»

«ሆዴ ውስጥ» ይላል ሮሪሳ የሚባለው ልጅ። «እማዬ ስኳሩን ለሕፃኑ ሰጠችው!»

«በል ለትራሱ ንገረውና ጠልዘው።»

ጠልዞ፣ አልቅሶ፣ ዳቦውን ይበላል።

በ1970 ጥር ላይ አብዮት ጠባቂዎች ጎረቤታችንን ሹፌሩን ደርዊሽን «ፀረ አብዮት ነው» ብለው ከቤቱ ወስደው ገደሉት። ደጃፉ ላይ ቆመውም ሚስቱን ኡምሀኒን እንዳታለቅስ ከለከሏት። ለገዛ ባሏ! እኛ ጎረቤቶቿም በራችንን ዘጋን።

የአምስት ዓመት ልጃቸው ጀዋሂር ሳምንት ሙሉ አልተናገረችም። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ልጆቹን መንከስ ጀመረች። አቻምየለሽ ትራሱን አመጣችላት።

«የቱ ጋ ነው፣ ጀዋሂርዬ?»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ነካች።

«ተናገሪው። የተሰማሽን ብትናገሪ ማንም አይቆጣሽም።»

በዚያ ዘመን ለልጅ እንዲህ ማለት ስሕተት ነበር።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀናው ሽጉጡን ታጥቆ የልጆቹን መዝሙር ሊሰማ መጣ። ሁሉም ግራ እጃቸውን አነሡ። ጀዋሂር ግን ጥግ ላይ ትራሱን ትደበድባለች።

«አንቺ ሚጢጢ፣ ትራሱ ምን አድርጎሽ ነው?» አለ እየሳቀ።

«አንተን ነው የምመታው። አባቴን ወሰድከው።»

ሳቁ ቆመ።

«ማነው ይህን ያስተማራት?»

«እኔ ነኝ» አለች አቻምየለሽ።

«ለፀረ አብዮት አይለቀስም!»

«አምስት ዓመቷ ነው እኮ! አንተ ስትናደድ ሽጉጥ አለህ። እሷ ያላት ትራስ ነው።»

ቀናው ከወገቡ ጩቤ መዝዞ ትራሱን ዘረጠጠው። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እየሳቁ የሚበነውን ጥጥ አሳደዱ።

«ሁለታችሁም ውጡ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ።»

አቻምየለሽ ልጅቷን አዝላ ቤቷ ወሰደቻት። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደፉ ላይ አስቀመጠቻት።

«አሁን አልቅሺ፣ የኔ ልጅ። እኔ አለሁ።»

ጀዋሂር ጮኸች። ጩኸቷን ሰምታ ኡምሀኒ ከማዶ ሮጣ መጣች። ልጇን አቅፋ፣ ባሏን በስሙ እየጠራች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ደጃፏን የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ ተከትሏት መጥቶ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አቻምየለሽ ተነሥታ በእሱና በእነሱ መካከል ቆመች፤ አልቅሰው እስኪጨርሱም አልተነቃነቀችም።

እኛ ሁላችንም ሰምተናል። አንድ በር እንኳ አልተከፈተም።