ኩመሩ የዋጠው ብረት

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ካለች ቁርስ ቤት ተቀምጬ ፉል ስጠብቅ፣ አስተናጋጇ ትሪ ከእጇ አመለጣት። የብረት ትሪ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሰፈሩን አናጋው። ሰዉ ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። እኔ ግን ሽቅብ አንጋጠጥኩ። ከላዬ ከቆርቆሮው ክዳን በቀር ምንም አልነበረም። አብራኝ የምትሠራው ነርስ "አንቺ፣ ምን ሰማይ ሰማይ ታያለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ብዬ ልንገራት? የአያ ፈንታ ነገር በአንድ ሳህን ፉል አያልቅም።

እኔ በተወለድኩበት፣ በሱዳን ጠረፍ ባለችው በሽንፋ አያ ፈንታን የማያውቅ አልነበረም። ለአረምና ለአጨዳ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። እሳቸውም ሳሉግ ሆነው ነው ከጎጃም የወረዱት። ሌላው ሰሊጡ ሲያልቅ አገሩ ሲገባ እሳቸው ዛፍ ሲያዩ ቀሩ። "ዛፍ ቆራጭ" ብሎ የጠራቸው ሰው ወዮለት። "ቆራጭማ ምሳር ያለው ሁሉ ነው፤ እኔ አስተካካይ ነኝ" ይሉ ነበር፣ የጎጃም አነጋገራቸውን ሳብ አድርገው። የሰፈሩ ጎረምሳ ይህንን ሰምቶ "የዛፍ ፀጉር አስተካካይ" የሚል ስም አወጣላቸው። ሊቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ተቀበሉት።

ሥራቸው የሚበዛው ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ወራት ነው። ያን ጊዜ ሱዳኖቹ ሃቡብ የሚሉት አቧራ ያዘለ ነፋስ ይነሳና በየግቢው ያለው የኒም ዛፍ ቅርንጫፉን ቆርቆሮ ላይ ሲያማታ ያድራል። አያ ፈንታ ፀሐይ ሳትወጣ ይመጣሉ። መጋዛቸውን በሞረድ እየሳሉ፣ እንደ በሬ ገዢ ዛፉን ይዞሩታል። ከዚያ ከሱዳን ሎሪ ሹፌር የገዙትን የጭነት ገመድ ወገባቸው ላይ ይጠመጥሙና በረባሷቸውን ከግንዱ ሥር አውልቀው፣ አማትበው ይወጣሉ። ቅርንጫፉን መጀመሪያ ከሥሩ ትንሽ ይነኩታል፤ ከላይ የሚገዘግዙት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ካልሆነ ሲወድቅ የግንዱን ቆዳ ገፎ ይወርዳል ይላሉ።

ታዲያ ረፋዱ ላይ ሲወርዱ ሌላ ሰው ናቸው። ዓይናቸው በሰጋቱራ ቀልቷል፣ ገመዱ ዳሌያቸው ላይ እንደ ጅራፍ ሰንበር ጥሏል፣ ሸሚዛቸውን ሲያራግፉ ጉንዳን ይረግፋል። መዳፋቸው ሞረዱን ራሱን ይመስል ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ቀኝ ትከሻቸው ነው፤ ድሮ ከዋርካ ላይ ወድቀው የተጎዳ፣ እጃቸውን ከጆሯቸው በላይ አላነሳ ያለ ትከሻ። እናቴ ትኩስ አሸዋ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጣቸውና እሱን ትከሻቸው ላይ ጭነው ጋደም ይላሉ። እናቴም "አያ ፈንታ፣ በዚህ አገር ሙቀት የሚለምን ሰው እርስዎን ብቻ አየሁ" ትላቸው ነበር።

አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ዛፍ ላይ ሳሉ ስማቸውን መጥራት ክልክል ነው። "ስም ሲጠራ አንገት ይዞራል፤ አንገት ሲዞር እጅ ይለቃል" ይላሉ። ከዋርካው የወደቁትም አንድ ወዳጃቸው ከመንገድ ሆኖ "ፈንታ፣ እንዴት አደርክ" ቢላቸው ነው። ስለዚህ ከታች ያለ ሰው አደጋ ካየ ትሪ ይመታል። ትሪ ሲመታ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ መጋዙም፣ ገመድ ያዡም፣ የሚያልፈውም ሰው። እኛ ልጆቹ ብይ እየተጫወትን እንኳ ትሪ ከሰማን ቀጥ ብለን ቆመን ሽቅብ እናያለን።

ግቢያችን ውስጥ ኩመር ነበረ። ሌላ አገር ሮቃ ይሉታል፣ ሱዳኖቹ አርዴብ፤ ያ ፍሬው በውሃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ጎምዛዛ ነገር ነው። አባቴ የትራክተር ሹፌር ስለሆነ ክረምቱን እርሻ ላይ ይከርማል፤ ቤቱን የምታቆመው እናቴ ነበረች፣ ከኩመሩ ሥር ለሳሉጉ ፉልና ሻይ እየሸጠች። ለንግዷ ቤት የላት፣ ዳስ የላት፤ ጣሪያዋ ኩመሩ ነው። በዚያ ፀሐይ ጥላ ከሌለ ማን ቁጭ ብሎ ይበላል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሃቡቡ መጣና ኩመሩን ግንዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ከመንታው ላይ ሰነጠቀው። ግማሹ ወደ ጎረቤታችን ወደ አቶ ታከለ ቤት አዘነበለ፤ አንድ እንደ ግንድ የወፈረ ቅርንጫፍ ልክ ከመኝታቸው በላይ ተንጠለጠለ። አቶ ታከለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጆች አሏቸው። "ከሥሩ ይገንደስ" አሉ። እናቴ ሻይ ማፍያዋን ታቅፋ ጉልቻዋ አጠገብ ቁጭ አለች። ስታለቅስ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋት።

አያ ፈንታ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ ዞሩት፣ ዞሩት። "ያዘነበለውን እናቀለዋለን፤ ሲቀለው ይድናል" አሉ። ትንንሾቹን ቅርንጫፎች እየቆረጡ፣ ሥራ ያጡ ሳሉጎች ገመድ እየለቀቁ በቀስታ አወረዱ። መጨረሻ ያ ትልቁ ቀረ። ገና መጋዙ ሲገባበት እናቴ ትሪዋን አንስታ መታችው። እንደዚያ ተመትቶ አያውቅም፤ መሐሉ እስከ ዛሬ ጎድጉዷል።

አያ ፈንታ ሳይዞሩ ቆሙ። "ምን አየሽ፣ እቴ?" አሉ።

"የአቶ ታከለን ግድግዳ አየሁ፤ በስንጥቁ ውስጥ።"

እውነትም ስንጥቁ ተከፍቶ ማዶው ይታይ ነበር። ከእግራቸው ሥር ግንዱ ሲከፈት እሳቸው አላዩትም። ቀስ ብለው፣ ድመት እንኳ እንደዚያ አትወርድም፣ በእግራቸው እየዳበሱ ወረዱና በረባሷቸው ላይ ቁጭ አሉ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቅርንጫፉን ሳይ ግንዱን ረሳሁት" አሉ። "ቅርንጫፉ የሚነካው ግንዱ ከታሰረ ወዲያ ነው።"

አቶ ታከለ ትዕግሥታቸው አለቀ። "እንግዲህ በቃ፣ ነገ በምሳር ይውደቅ።"

"እግሩ የተሰበረ ሰው ይታሰራል እንጂ ይቀበራል እንዴ?" አሉ አያ ፈንታ።

"እስኪታሰር ልጆቼ ላይ ቢወድቅስ? ማን ዋስ ይሆነኛል?"

"እኔ። ልጆችዎ እዚህ ግቢ ይደሩ። በእርስዎ መኝታ ላይ፣ ከቅርንጫፉ ሥር እኔ አድራለሁ።"

የአቶ ታከለ ሚስትና ልጆች ጓዛቸውን ይዘው እኛ ዘንድ መጡ፤ እኛ ልጆቹ በዓል መሰለን። እሳቸው ግን እንግዳ ቤታቸው ጥለው ሊወጡ ነው? ነውር ነው። እየፈሩም፣ እየተቆጡም እዚያው አደሩ። ጠዋት ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ። አቶ ታከለ "ይሄ ሰውዬ ያንኮራፋል፤ ዛፉ ቢወድቅ እንኳ አልሰማውም ነበር" ብለው ለእናቴ ከሰሷቸው። እናቴ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው።

ብረቱን ያገኘው አባቴ ነው። ከተጣለ የትራክተር ማረሻ ረጅም ዘንግ ላከ፤ ጋራዡ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ አወጣለት። አያ ፈንታ የአናጢ መሰርሰሪያ በብየዳ አስረዝመው ግንዱን ከዳር እስከ ዳር ይበሱት ጀመር። ወይ የሰው ልጅ ትከሻ! በቀኝ ይገፋሉ፣ ሲያቅታቸው በግራ ይገፋሉ፣ ሁለቱም ሲያቅታቸው በደረታቸው ይገፋሉ። ላብ ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ ሰጋቱራውን ያቦካዋል። የእናቴ ትኩስ አሸዋ ከትከሻቸው አልተለየም። ሰው ላግዝ ሲላቸው "የሰው እጅ የተቀያየረበት ቀዳዳ ይጣመማል" ይላሉ። አቶ ታከለ ግን ሳይጠይቁ መጥተው ወገባቸውን ከኋላ ደገፍ አድርገው ያዙላቸው፤ እሱን አልከለከሏቸውም።

ዘንጉ ገባ። በሁለቱም ጎን ሰፊ ብረትና ዳዶ አደረጉበት፤ የትራክተር መፍቻ እጀታ ላይ ቧንቧ አስረዝመው ዳዶውን ይጠመዝዙ ጀመር። ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ ይጠመዝዛሉ፣ ያዳምጣሉ። ስንጥቁ እየጠበበ፣ ትንሽ ቡናማ ውሃ እያንጠባጠበ ተዘጋ። የአቶ ታከለ ግድግዳ ጠፋ። ትልቁን ቅርንጫፍ በማግስቱ ከታች ነካ፣ ከላይ ገዝገዝ አድርገው በገመድ አወረዱት፤ ቆርቆሮውን አልነካም። በሚቀጥለው ጠዋት አቶ ታከለ የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው መጡና ከኩመሩ ሥር ተቀምጠው ፉል አዘዙ። ያ ወንበር ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

እኔ ተምሬ ነርስ የሆንኩት ከዚያ ኩመር ሥር በተሸጠ ፉል ነው። አያ ፈንታ ትከሻቸው ጨርሶ እንቢ ሲላቸው ልጃቸው ዘንድ፣ ጎጃም ገቡ። ማረፋቸውን ከዚያ የመጡ ሳሉጎች ናቸው የነገሩን። እናቴ ወጥታ ግንዱን ተደግፋ "አያ ፈንታ፣ አያ ፈንታ" እያለች አለቀሰች። ዛፍ ላይ ሆነው ያልጠራችውን ሁሉ ያን ቀን ጠራችው። እኔም አለቀስኩ፤ ቢሆንም ክፉ ሐዘን አልነበረም።

የቁርስ ቤቱ ትሪ ከወደቀ በኋላ በነበረው በዓል ሽንፋ ወረድኩ። የሞተር መጋዝ የያዘ ዳንኤል የሚባል ወጣት ኩመሩን ሊያስተካክል መጥቶ ነበር። እናቴ አሁን አርጅታለች። ተነስታ ግንዱ ላይ መዳፏን አሳረፈች። "እዚህ ጋ መጋዝህን እንዳታስገባ፤ አያ ፈንታ አሉበት" አለችው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ምንም የለም። ዛፉ ዳዶውን ከነዘንጉ ውጦታል፤ የቀረው እንደ እምብርት ያለች ትንሽ ጉድጓድ ናት። ግራ ቢገባውም "እሺ፣ እማማ" ብሎ ወጣ።

ጥቂት እንደቆየ ከመንገዱ አንድ ጓደኛው አየውና "ዳኒ፣ አንተ ዳኒ" ብሎ ተጣራ። ዳንኤል አንገቱን ሊያዞር ሲል እናቴ ያንን የጎደጎደ ትሪ መታችው። የመጋዙ ጩኸት ቆመ። እኔ ሽቅብ አንጋጥጬ ቆሜያለሁ።

"ና፣ ቁጭ በል" አለችው እናቴ ለጓደኛው፣ የአቶ ታከለን ወንበር እየሳበችለት። "ዛፍ ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም። ሲወርድ ትጠራዋለህ።"

ጓደኛውም እየተገረመ ተቀመጠ፣ ሻይ አዘዘ፣ ዳንኤል እስኪወርድ ጥላው ሥር ጠበቀ።