በሦስት ጎማ እስከ ደቅ ጀልባ

ማለዳ፣ ፋብሪካ ሰፈር

ሳይነጋ ተነሣሁ። ህንድ አገር ለሥልጠና በሄድሁ ጊዜ ከተማውን ያጥለቀለቀውን ባለ ሦስት ጎማ ታክሲ አይቼ፣ «ምነው ለእኛም በኖረን!» ብዬ ነበር። ባሕር ዳር አንዲት አለች ቢሉኝ አላመንሁም። ወይ ጉድ፣ እውነት ኖሯል! ሞተር የላትም እንጂ ጎማዋስ ሦስት ነው። አስራት የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ከአሮጌ ብስክሌቶች ቀጣጥሎ ሠርቷት፣ ከኋላ አግዳሚ ገጥሞላታል።

«የቀበሌ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። «ሲወጣልኝ ከጋሪ በግማሽ ዋጋ! እስከዚያው በነጻ ነው።»

አግዳሚው ላይ መሪጌታ ኅሩይ ተቀምጠዋል። የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው ዘመድ ቤት ሰንብተዋል። ነገ የደሴቱ ታቦት ይነግሣል፤ ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የዛሬዋ ጀልባ ካመለጠቻቸው ሌላ እስከ ሳምንት የለም።

«የኔታ፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙ!» አለ አስራት። እኔም አጠገባቸው ተሸጎጥሁ።

ዘንባባው ሥር

በዘንባባው ጎዳና ላይ ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ምሳውን በሳህን የቋጠረ ሠራተኛ። ሰዉ ቆሞ ያየናል፤ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ገበያው ጋ ካቴናው ወለቀ። አስራት ወርዶ ተንበረከከና እጁን በግራሶ ለውሶ መለሰው።

«አመሏ ነው» አለ።

ከሐይቁ የጀልባዋ ጡሩምባ ጮኸ። መሪጌታ አማተቡ።

ጊዮርጊስ በር

«አቁም፣ ልጄ።»

«የኔታ፣ ጀልባዋ ልትሄድ ነው እኮ!»

«በበቅሎ ስመጣ እዚህ እወርዳለሁ። ዛሬ በጎማ መጣሁ ብዬ ልለፈው?»

አስራት ማዶ ማዶውን ያያል። ከመንገዱ ማዶ አንድ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሟል። አስራት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከታየ ፈቃዱ ገደል ገባ ማለት ነው። ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ ጠበቀ።

ደግፌ አወረድኋቸው። በዚያ ጉልበት ተንበርክከው መሬቱን ሲስሙ አንጀቴን በሉት፤ ተናደድሁም። ጊዮርጊስስ ቢሆን አንድ ቀን ይቅር አይላቸውም?

ወደቡ

ስንደርስ የጀልባዋ ገመድ ተፈትቷል።

«ቀስ ይበሉ፣ የኔታ! አልሄድንም!» አለ ጀልባ ነጂው።

ተሳፋሪዎቹ ከጀልባዋ ላይ ሆነው መሪጌታ ሲሳለሙ አይተዋቸው ኖሯል። አንዲት ተሳፋሪ እየሳቀች፣ «ጊዮርጊስን የሚሳለም ሰው ጥለህ ብትሄድ ማዕበሉን አንተ ትችለዋለህ? ብለን ያዝነው» አለችን።

መሪጌታ የአስራትን ትከሻ ይዘው ተሳፈሩ። «ጎማህን ይባርክልህ፣ ልጄ» አሉት። አስራት አንገቱን ደፋ።

ስንመለስ

የፋብሪካ ሰዓቱ እያለፈበት ነው፤ ይከንፋል። ጊዮርጊስ በር ስንደርስ ግን ፍሬኑን ያዘ።

«ኤጭ! ካቴናው ወለቀ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ጠባቂው እንዲሰማ።

ወርዶ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተንበረከከ። ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካቴናው ቦታው ላይ ነው።

«ቆይ ላግዝህ» ብዬ እኔም ወረድሁ።