ስሮጥ ባዶ የሚሆነው አስፋልት

መርሳ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ቦርጬ ይታወቃል። ጤና ጣቢያ ደሜን ያየችው ነርስ «ስኳር አፋፍ ላይ ነህ፤ ሆድህን ቀንስ» አለችኝ። ራት ተውኩ፤ ሆዴ ግን አልሰማም። ከዚያ ስልኬ ላይ አንድ አሠልጣኝ አገኘሁ። ሠላሳ ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይል መሮጥ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል መራመድ፣ ደግሞ መሮጥ፤ ስምንት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ስብ የሚያቃጥለው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ጥድፊያው ነው አለ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰነፍ የተሠራ መሰለኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ያልነገርኳት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ እሷን አዝዬ ወደ ውርጌሳ ስሸሽ፣ ትንሽ እሮጥና ትንፋሽ ሲያጥረኝ መንገድ ዳር አስቀምጣታለሁ። አነሳታለሁ፣ እሮጣለሁ፣ አስቀምጣታለሁ። አራተኛው ላይ «እኔን ተወኝና ሂድ» አለችኝ። አልተውኳትም፤ ግን ለአንድ አፍታ አስቤው ነበር። ያቺ አፍታ እስካሁን ታሳፍረኛለች።

ሰኞ ማለዳ ጀመርኩ። ጠባብ ቱታ ለብሼ ያን ሆድ ላደባባይ ማውጣት ስላሳፈረኝ በቢሮ ሱሪዬና በጃኬቴ ወጣሁ። ስሄድ በአስፋልቱ፣ ስመለስ ከታች በማንጎው እርሻ በኩል። የመጀመሪያው ዙር ሊገድለኝ ደረሰ። ሠላሳ ሰከንዱ አልቆ ስልኬ ሲጮህ ቆሜ ዙሪያዬን ባይ ሰው የለም። ገና ስላልነጋ ነው ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ ግን ስወጣ መንገዱ ላይ ሰው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሠላሳ ሰከንድ ሮጬ ስቆም አንድም አልቀረም። ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይጨሳል፤ ጠጪ የለውም። ጀሪካን የተጫነች አህያ መሀል አስፋልት ቆማለች፤ ነጂ የላትም። አንድ እግር የላስቲክ ጫማ ተገልብጦ ወድቋል። የሆነ ቦታ በር በቀስታ ተዘጋ።

ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። የብዙ ሰው እግር ነው፤ ግን የሚናገር የለም። ስቆም ትንሽ ቆይቶ ይቆማል፣ ስሮጥ ይሮጣል። የሰፈሩ ሰው በዚያ በኩል ማለዳ ጅን አለ ይላል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ በጅን አላምንም፤ ቢሆንም ዞሬ አላየሁም። የዚያን ቀን ስብ ተቃጥሎ ከሆነ ያቃጠለው ፍርሃት ነው።

ዓርብ ልወጣ ስነሳ እናቴን ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ረቡዕ የብዙ ሰው እግር ሰምቻለሁ። የሚነግረኝ ሰው የለም እንጂ የሆነ ነገር አለ» አለችኝ።

ሕልም ይሆናል ብያት ወጣሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ኮቴው ቀረበ፤ የሚያፏጭ ትንፋሽም ሰማሁ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ ዞርኩ። ጎረቤታችን አዛውንቱ ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰውዬ፣ ምርኩዛቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሕፃን የልጅ ልጃቸውን አዝለው። ከኋላቸው ግማሹ ሰፈር አለ፤ ቋጠሮ የያዘ፣ ፍራሽ የተሸከመ። የሚጮህ የለም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

«ያረቢ! በየት በኩል ገቡ ልጄ?» አሉኝ።

«እነማን?»

«እሱንማ አንተ ታውቃለህ እንጂ። ይኸው ሦስት ቀንህ በቢሮ ልብስህ ስትሮጥ።»

«አባባ... ቦርጭ ለመቀነስ ነው» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ቋጠሮዋን መሬት አድርጋ፣ እሱው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ «ሊገቡ ነው» የሚለውን የሐሰት ሽብር ማን እንደሚነዛ ስንጠያየቅ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ።

የዚያኑ ቀን ደጅ ለደጅ ዞሬ ይቅርታ ለመንኩ። ቢጫ ቱታ ገዛሁ። አሁን ስሮጥ የሚነቃነቅ የለም፤ ሻይ ጠጪዎቹ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያሉ ይስቁብኛል። ቦርጬ ጎድሏል፣ ስኳሩም ወርዷል። ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፤ ከባዶው መንገድ የባሰ። አንድ ቀን የእውነት ብሮጥ፣ እየሳቁ ሻያቸውን ይጨርሳሉ። ማስጠንቀቂያቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለአዛውንቱ ነገርኳቸው።

«እኔ ፊትህን አላይም፣ ጀርባህን ነው የማይ» አሉኝ። «የእውነቱ ቀን እናትህን አዝለህ ነው የምትወጣ።»

ያን ቀን የውርጌሳ መንገድ ላይ ከኋላዬ ነበሩ። ሳስቀምጣት አይተዋል፤ አራተኛውንም።

ዛሬም ሳልፍ ዓይናቸው ጀርባዬ ላይ ያርፋል፤ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብርጭቋቸውን ያነሳሉ። እኔም ዘጠነኛ ዙር ጨምሬያለሁ። ቤት ስገባ እናቴን አዝዬ ግቢውን እዞራለሁ።

«አውርደኝ፣ አንተ ዕብድ!» ትላለች።

ስልኩ ሳይጮህ አላወርዳትም።