ሰላምታው ከታች ይሁን

ከሽንፋ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ከብቱ ገና እየገባ ነበር። ተኩሱ ሲቀርብ ቀፎዎቼን ዛፍ ላይ እንደተሰቀሉ ትቼ፣ የልጄን የትርንጎን እጅ ይዤ ወደ ሱዳኑ ድንበር ገላባት አቀናሁ። ድንበሩ ላይ ሰው ሲረባረብ እሷን በአንዱ ሎሪ ጫኗት፣ እኔን በሌላው። የእኔው ገዳሪፍ አወረደኝ። የሷ ወዴት እንደዞረ የሚነግረኝ አጣሁ።

ስደተኛ የሚመዘግበው ሱዳናዊ "ስም?" አለኝ። እኔ እንደ አገሬ ደህንነቱን ጠየቅሁት፤ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን።

"ያ ሀጅ" አለኝ፤ ሽማግሌ የሚጠሩት እንዲህ ነው። "ልጆቼ ደህና ናቸው። ከብት የለኝም። ዝናቡን አንተም ታየዋለህ። አሁን ስምህን ስጠኝ።"

ሱዳኖች እንኳ ሰላምታ አይሰለቻቸውም፤ እሱ ወረፋው በዝቶበት ነው።

ገዳሪፍን ለመድኩት። ሙቀቱ የሽንፋ ነው፣ ሰሊጡም ያው ነው። አሲዳ የሚሉት ምግባቸው ብቻ ለዓይን ገንፎ ይመስልና አፍ ሲገባ ሌላ ነው። በተከራየሁበት ግቢ ሰናይት የምትባል የትግራይ ልጅ አለች፤ የተጠፋፉ ሰዎች የሚፈላለጉበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ትጽፋለች። "አቦይ፣ ለትርንጎ የሚሉትን ይንገሩኝ" አለችኝ።

ነገርኋት። "ለተወደድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር። ጉልበቴም ደህና ነው..." እያልሁ ስቀጥል ጣቷ ደከመ።

"አቦይ፣ ስምዎና አገርዎ የቱ ጋ ነው የሚመጣው?"

"መጨረሻ ላይ ነዋ።"

"እዚያ ድረስ ማን ይደርሳል? ሰው ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ጽፎ ነው የሚፈልግ። ትርንጎ እርስዎን ብትፈልግ ምን ብላ ትጽፋለች? እሱን ነው ከላይ የምናደርገው።"

አሰብሁ። ስደተኛ ብላ አትፈልገኝም፤ አገሩ የሚጠራኝን፣ ከስሜ ከመርከብ ጋር ባለቀፎነቴን ነው የምትጽፍ። ሰናይት እንዲህ አደረገችው፦ "መርከብ ባለቀፎው፣ ከሽንፋ፣ ልጁን ትርንጎን ይፈልጋል። ያለው ገዳሪፍ ነው።" ቀጥላ ስልኬን። አጥሮ ሳየው ከፋኝ።

"ልጄን ሰላም ሳልላት እንደ ተከሳሽ ልጥራት?"

"ሰላምታው ከታች ይሁን። ካገኘችዎ በኋላ ታነበዋለች። አንድ ቃል አላጎድልም።"

መጀመሪያ የደወሉት ማር ፈላጊዎች ናቸው። አንዱ ከኸሽም ኤል ቂርባ ደውሎ፣ ቀፎዬ ሽንፋ ቀርቷል ስለው፣ "ታዲያ ባለቀፎ ነኝ ብለህ ለምን ትጽፋለህ?" ብሎ ተቆጣኝ። ሰናይት ሳቀች። "ጥሩ ነው አቦይ፤ ገጹ ይገኛል ማለት ነው።"

ባለፈው እሑድ ረፋድ ስልኬ ጮኸ።

"አባየ" አለች።

አወቅኋት።

"አባየ፣ ከታች ያለውን ሁሉ አነበብሁት። አንተስ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ካንተ ናፍቆት በስተቀር። ጉልበትህ እውነት ደህና ነው?"

ያስጻፍሁትን በተራ በተራ መለሰችልኝ። እኔም መለስሁላት፤ ላቋርጣት አልቻልሁም። ሁሉን ጨርሳ "አሁን ያለሁት..." ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ብደውልበት ዝግ ነው።

ሰናይት "ምነው፣ አስቀድመው የት ነሽ አይሏትም?" አለችኝ። ሰላምታ እንዳታቋርጥ አድርጌ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

ኔትወርክ ደህና የሚይዘው ከደጁ ኒም ዛፍ ሥር ነው፤ እዚያ እቀመጣለሁ። ስትደውል መጀመሪያ የት ነሽ እላታለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ድምጿን ስሰማ ግን፣ እንጃ።